ያረጀ ጊታር ዋጋው ስንት ነው?

በአማርኛ «መሣሪያ» የሚባለው ቃል ሆደ ሰፊ ነው። አናጢው መጋዙን፣ ቀጥቃጩ መዶሻውን፣ ወታደሩ ጠመንጃውን፣ አዝማሪው ማሲንቆውን በዚሁ በአንድ ስም ይጠሩታል። የቃሉ ሥር «ሠራ» ነውና፣ መሣሪያ ማለት ሰው አንድ ነገር የሚሠራበት ማለት ነው፤ ምን እንደሚሠራበት ግን ቃሉ አይናገርም። ያን የሚወስነው የያዘው እጅ ነው። እንደ ሞያሌ ባለች የድንበር ከተማ «እገሌ ቤት መሣሪያ አለ» ቢባል፣ ሰሚው በመጀመሪያ የሚያስበው ክራር ወይም ጊታር አይደለም። ያለፉት ዓመታት ታሪክ የከተማይቱን ጆሮ እንዲህ አስለምዶታል።

ይሁንና ያው ቃል ሌላ ፊት አለው። ከእንጨት፣ ከቆዳና ከክር የተሠራ፣ ሰው የማይጎዳ፣ ባለቤቱን ግን አንዳንዴ ከቤቱና ከገንዘቡ አብልጦ አስሮ የሚይዝ መሣሪያ አለ። ሰው እንዲህ ያለውን ዕቃ ሲወድ ምኑን ነው የሚወደው? እንጨቱን ነው? ድምፁን ነው? ወይስ በእንጨቱ ላይ ያለፈውን የገዛ ዕድሜውን? ከዚህም የከበደ ጥያቄ አለ፦ ነፍስ ለሌለው ነገር የሚሰጥ ፍቅር እስከ ምን ድረስ የተገባ ነው? ከየት ሲደርስስ ጣዖት ይሆናል?

ለዚህ ጥያቄ የሚስማማው ምሳሌ የሚገኘው በሩቅ አገር ቢሆንም፣ ድምፁ ለሞያሌ ሰው እንግዳ አይደለም። «ካንትሪ» የሚባለው የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ ኬንያ ከገባ ብዙ አሥርት ዓመታት ተቆጥረዋል። የጂም ሪቭስ፣ የዶን ዊሊያምስ፣ የኬኒ ሮጀርስና የዶሊ ፓርተን ዘፈኖች በኬንያ እንደ አገር ልጅ ዘፈን ተወድደው ኖረዋል፤ «ሰር ኤልቪስ» በሚል የመድረክ ስም የሚታወቀው ኬንያዊው ኤልቪስ ኦቲየኖም በዚሁ ስልት ስም አትርፏል። ከድንበሩ በስተሰሜንም ቢሆን የእነዚሁ ድምፃውያን ካሴቶች በአዲስ አበባ ቤቶች የሚገኙ ነበሩ። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። ካንትሪ የሚዘፍነው ስለ ከብት፣ ስለ ረጅም መንገድ፣ ስለ እናት ቤት፣ ስለ ተለየ ወዳጅና ስለ ጠፋ ገንዘብ ነው። ከአዲስ አበባም ከናይሮቢም ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትገኝ፣ ከብትና መንገድ ኑሮዋ ለሆነላት ከተማ ይህ ሁሉ የባዕድ ጉዳይ አይደለም።

ከዚህ ሙዚቃ አንጋፎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ1933 በቴክሳስ የተወለደው ዊሊ ኔልሰን ነው። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም ሁሉ በኬንያ በሚሠራበት አቆጣጠር ናቸው።) በ1969 ይጫወትበት የነበረውን ጊታር አንድ የሰከረ ሰው ረግጦ ሰበረበት። ናሽቪል ከተማ ወደሚገኝ ጠጋኝ ቢልከውም የሚድን ሆኖ አልተገኘም፤ ጠጋኙም በእጁ የነበረውን ሌላ ጊታር በ750 ዶላር ሸጠለት። ኔልሰን የገዛው ሳያየው ነበር። ማርቲን ከሚባለው የቆየ ፋብሪካ የወጣ፣ የናይለን ክር ያለው ጊታር ነው። ስሙንም «ትሪገር» አለው፤ ትሪገር በካውቦይ ፊልሞች የታወቀው ተዋናይ የሮይ ሮጀርስ ፈረስ ስም ነበር።

ዕቃን በፈረስ ስም መጥራት ኢትዮጵያዊውን አንባቢ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ በኢትዮጵያ ልማድ በፈረስ ስም የሚጠራው ሰው ነውና። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው»፣ ራስ አሉላ «አባ ነጋ» የተባሉት በፈረሶቻቸው ስም ነው። ባለቤቱ ለፈረሱ ስም ያወጣል፤ ፈረሱ ደግሞ ያንኑ ስም ለባለቤቱ ይመልስለታል። በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ የቆየ ዕውቀት ተቀምጧል። ሰው በሚገባ የሠራበት ነገር በተራው ሰውየውን ይሠራዋል። ጦር ሜዳ የዋለ ፈረሰኛ ያለ ፈረሱ ምን እንደሚባል እንደማይታወቅ ሁሉ፣ ግማሽ ምዕት ዓመት በአንድ ጊታር የተጫወተ ሰውም የእርሱ ድምፅ የት ላይ አብቅቶ የጊታሩ ድምፅ የት ላይ እንደሚጀምር ለመለየት ይቸገራል።

ትሪገር ከተገዛ በኋላ የደረሰበት ነገር ለጥያቄው ዋና ቁልፍ ነው። ክላሲካል የሚባለው የዚህ ዓይነቱ ጊታር የሚሠራው በጣት ጫፍ እንዲመታ ታስቦ ነው፤ ኔልሰን ግን በትንሽ ጠንካራ መምቻ ይመታዋል። በመምቻ ለሚመቱ ጊታሮች ከድምፅ ቀዳዳው በታች የሚለጠፍላቸው መከላከያ ለዚህኛው አልተሠራለትም። እጁ በተመላለሰ ቁጥር እንጨቱ እየተፋቀና እየሳሳ ሄዶ፣ በመጨረሻ ከድምፅ ቀዳዳው አጠገብ ሌላ ቀዳዳ ተከፈተ። ማርክ ኧርልዋይን የተባለው የኦስቲን ከተማ ጠጋኝ ከ1970ዎቹ ጀምሮ በየጊዜው እየመረመረ ከውስጥ በኩል ሲያጠናክረው ኖሯል፤ ቀዳዳውን ግን አልደፈነውም። በገጹ ላይም ከመቶ የሚበልጡ የሙያ ባልደረቦችና ወዳጆች ፈርመውበታል። ኔልሰን ዘጠና ዓመት ካለፈው በኋላም ይህንኑ ጊታር ይዞ መድረክ ላይ ታይቷል።

እንግዲህ የዚህ ጊታር ዋጋ ስንት ነው? በተለመደው የገበያ ሕግ የተፋቀ፣ የተቀደደና የተጻፈበት ዕቃ ከአዲሱ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል። ነገር ግን ገበያ ሌላም ሕግ አለው። ኩርት ኮቤይን የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቀኛ በ1993 በቴሌቪዥን በተላለፈ ዝግጅት የተጫወተበት ጊታር በ2020 በጨረታ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጣ። በዚያን ጊዜ ለአንድ ጊታር ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ዋጋ ነበር። ኮቤይን ግን ከሞተ 26 ዓመት ሆኖታል። ያ ሁሉ ገንዘብ ለእንጨቱ አልተከፈለም፤ ለድምፁም አልተከፈለም፤ ተመሳሳይ ድምፅ የሚሰጥ ጊታር በጥቂት ሺህ ዶላር ይገኛልና። የተከፈለው ለሌለ እጅ ነው። «ከእጅ አይሻል ዶማ» የሚለው ተረት አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የማይረባ መሣሪያን ለመንቀፍ ነው፤ ጠለቅ ብሎ ሲታይ ግን መሣሪያ ሁሉ የሚለካው በእጅ መሆኑን ያስታውሳል። እጁ ከሄደ በኋላ የቀረውን ዕቃ ገበያው በሚሊዮን ሊተምነው ይችላል፤ ወደ ዘፈን ሊመልሰው ግን አይችልም።

ዕቃን መውደድ በእውነት የሚፈተነው ጥፋት ሲመጣ ነው። የመጀመሪያው ፈተና እሳት ነው። በ1970 የኔልሰን ቤት ሲቃጠል፣ ባለቤቱ ወደሚነደው ቤት ገብቶ ትሪገርን ይዞ ወጣ። ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚተረከው እንደ ጀብዱ ነው። ሆኖም ከእርሱ ሃያ ዓመት ቀድሞ ያንኑ ያደረገ ሌላ ሙዚቀኛ ከድርጊቱ የወሰደው ትምህርት ፈጽሞ የተለየ ነበር። የብሉዝ ንጉሥ የተባለው ቢ. ቢ. ኪንግ በ1949 በብርድ ወራት፣ በአርካንሳስ ግዛት ትዊስት በምትባል ትንሽ ቦታ ይጫወት ነበር። ሁለት ሰዎች ተጣልተው ሲታገሉ ቤቱን ለማሞቅ የሚነደውን በርሜል ገለበጡት፤ ቤቱም በእሳት ተያያዘ። ሕዝቡ ሲሸሽ ኪንግም አብሮ ወጣ፤ ጊታሩን መርሳቱ ትዝ ሲለው ግን ተመልሶ ገባ። ለጥቂት ተረፈ። በዚያ ቃጠሎ ሁለት ሰዎች ሞቱ። ጠቡ የተነሣው ሉሲል በምትባል ሴት ምክንያት መሆኑን በማግስቱ ሲሰማ፣ ኪንግ ጊታሩን «ሉሲል» ብሎ ሰየመው። ስሙን ያወጣው ለዕቃ ብሎ ነፍሱን ዳግመኛ ለእሳት እንዳይሰጥ ማስታወሻ እንዲሆነው ነው።

ሁለቱ ሰዎች አንድ ዓይነት ነገር አድርገዋል፤ ሁለቱም ተርፈዋል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ኪንግ ከዚያች ሌሊት በኋላ በእጁ የገቡትን ዋና ዋና ጊታሮች ሁሉ ሉሲል አላቸው። ሉሲል አንድ ዕቃ መሆኗ ቀርቶ ከዕቃ ወደ ዕቃ የምትሸጋገር ስም ሆነች። በ1997 አንዷን ሉሲል ለሮማው ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ለዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በስጦታ አበረከተ፤ እርሱም ሌላ ሉሲል ይዞ መጫወቱን ቀጠለ። ኔልሰን አንዱን አካል ሙጥኝ ብሎ ያዘ፤ ኪንግ ስሙን ይዞ አካሉን ለቀቀ። ከሁለቱ የትኛው መሣሪያውን በይበልጥ ወደደ?

ይህ ጥያቄ ከጥንት ግሪኮች ጀምሮ ፈላስፎችን ሲያከራክር የኖረ ነው። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፣ የአቴና ሰዎች የጀግናቸውን የቴሴዎስን መርከብ ለመታሰቢያ ሲጠብቁ፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያነሡ በምትኩ አዲስ ያስገቡ ነበር። ያ መርከብ የቀድሞው ነው ወይስ ሌላ? እያሉ ሊቃውንቱ ተከራክረውበታል። የጎንደር ወይም የጎጃም አዝማሪ ይህን ክርክር ቢሰማ ብዙ የሚጨነቅ አይመስልም። ማሲንቆ ያለው አንድ ክር ነው፤ እርሱም ከፈረስ ጭራ የሚሠራ። ጭራው ይበጠሳል፣ የሳጥኑ ቆዳ ይላላል፣ ደጋኑ ይሰበራል፣ አንገቱም ይሰነጠቃል። ሁሉም በየተራው ሲተካ ቆይቶ ከመጀመሪያው ዕቃ ምንም ላይቀር ይችላል። ይሁን እንጂ ልጅየው «የአባቴ ማሲንቆ» ቢል አልዋሸም። ከአባቱ የወረሰው ጭራውን ወይም ቆዳውን ሳይሆን አያያዙን፣ አጨዋወቱን፣ በሰው ፊት ቆሞ ቃል የመሰንዘር ድፍረቱን ነው።

ይህንን የአገር ጠላትም ሳይረዳው አልቀረም። በፌብሩዋሪ 1937 በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ፣ በተከተሉት ሳምንታት ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች እየተያዙ እንዲገደሉ በፋሺስቱ ሹም ታዘዘ። ማሲንቆ መስበር ለወታደር ቀላል ነው፤ ቢሰበርም በጥቂት ቀን ሌላ ይሠራል። ስለዚህ ገዢው የፈለገው እጁንና አንደበቱን ነበር። መድፍና አውሮፕላን የያዘ ሠራዊት ባለ አንድ ክር መሣሪያ የያዘውን ሰው መፍራቱ፣ «መሣሪያ» ለሚለው ቃል አንድ ትርጉም ብቻ ለሚሰጡ ሁሉ በቂ መልስ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ዕዳ ነው። በ1990 የአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ኔልሰን ያልከፈለው በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ግብር አለበት በማለት ንብረቱን ያዘበት። ኔልሰን ለመሬቱና ለቤቱ የፈራውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ የፈራው ለጊታሩ ነበር። የመንግሥት ሰዎች ከመድረሳቸው አስቀድሞ ሴት ልጁ ትሪገርን ከስቱዲዮው እንድታወጣለት አደረገ፤ ጊታሩም ጉዳዩ እስኪያልቅ ከዓይን ተሰውሮ ቆየ። ዕዳው በስምምነት የተዘጋው በ1993 ነው።

እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት ቀላል አይደለም። በአንድ በኩል ግብር የሚከፈለው ለትምህርት ቤት፣ ለመንገድና ለሐኪም ቤት ነው። ከደመወዙ በየወሩ የሚቆረጥበት መምህር «ይህን ወንበር እወደዋለሁና ከዕዳዬ ውጪ አድርጉልኝ» ለማለት ዕድል የለውም። ዝና ያለው ሰው ዕቃውን ሲደብቅ ሕዝቡ የሚያጨበጭብለት ከሆነ፣ ያ ጭብጨባ ፍርድን ያጎድላል። በሌላ በኩል ደግሞ የቆየው የሰው ልጅ ፍርድ ሀብትን ከመሣሪያ ለይቶ ያያል። ኦሪት ዘዳግም የሰውን ወፍጮ በመያዣነት መውሰድን ይከለክላል፤ ወፍጮውን መውሰድ የሰውየውን ነፍስ መውሰድ ነው በማለት። በኬንያም ሆነ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ባለዕዳው ለሙያው የግድ የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች በፍርድ ማስፈጸሚያ እንዳይያዙበት የሚጠብቅ ድንጋጌ አለ። የቦረና ሕዝብም ከብቱ ላለቀበት ወገን ጎሳው አዋጥቶ መነሻ የሚሰጥበት «ቡሳ ጎኖፋ» የተባለ ሥርዓት አለው። አስተሳሰቡ አንድ ነው፦ ከሰው ላይ ብዙ ነገር ሊጎድል ይችላል፤ ነገ ተነሥቶ የሚቆምበት ነገር ግን ሊወሰድበት አይገባም። ኔልሰን ግብሩን በወቅቱ ባለመክፈሉ ሊመሰገን አይችልም። ጊታሩ ግን ወፍጮው ነበር፤ ዕዳውንም ሊከፍል የሚችለው እየዘፈነ ነው።

ሦስተኛው ፈተና ዝምታ ነው፤ ለዚህም ምስክሩ ከኢትዮጵያ ይገኛል። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ1950 እንጦጦ ተወልደው፣ በልጅነታቸው በገና መደርደር የተማሩት ከጎረቤታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል ነው። በኋላም በያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆኑ። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ ክሮቹም በጥንቱ አሠራር ከበግ አንጀት ይገመዳሉ። በክሩና በበርኩማው መካከል የሚገባው «እንዝራ» የሚባል ቁራጭ ቆዳ ያንን ልብ የሚነካ ጎርናና ድምፅ ይሰጠዋል። በደርግ ዘመን ግን በገና የሃይማኖት መሣሪያ ነው ተብሎ ከሬዲዮ ራቀ፤ የትምህርት ቤቱም የበገና ትምህርት ተቋረጠ። ዓለሙ ሱቅ ከፍተው በንግድ ኖሩ። በገናቸውን ግን አልተዉትም፤ የሚፈልግ ሰው ሲመጣም ዕውቀታቸውን አልነፈጉም። ዘመኑ ሲለወጥ፣ በ1990ዎቹ፣ የእርሳቸው በገና ከአገር አልፎ በአውሮፓ መድረኮች ተሰማ። ዛሬ በየሰንበት ትምህርት ቤቱና በየማሠልጠኛው በገና የሚማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው።

ይህ ታሪክ የሚያሳየው ዕቃን መጠበቅ ሁለት ዓይነት መሆኑን ነው። አንደኛው ዕቃው እንዳይነካ መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛው ዕቃው የሚነካበት ቀን እስኪመጣ እጁን መጠበቅ ነው። በዚያ ዘመን በገናዎች ሁሉ በሣጥን ተቆልፈው በደህና ቢቀመጡ ኖሮ፣ የሚደረድር ሰው ባይተርፍ ግን፣ ዛሬ የሚገኘው በሙዚየም መስታወት ውስጥ የቆመ የሚያምር እንጨት ብቻ ይሆን ነበር።

መሣሪያው ራሱ ከነጭራሹ ሲጠፋስ? እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 ተወልደው በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በካይሮም ትምህርታቸውን ቀጠሉ። ወጣት ሳሉ ወደ ውጭ ሄደው ሙዚቃ የመማር ዕድል ሲከለከሉ ዓለምን ትተው በግሸን ማርያም መነኰሱ። በተራራው ላይ ወደ አሥር ዓመት ገደማ በባዶ እግራቸው ሲኖሩ ፒያኖ አልነበረም። በኋላ ግን ወደ ሙዚቃው ተመለሱ፤ በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ለችግረኞች መርጃ የታሰበ ነበር። በ2023 በኢየሩሳሌም ዐረፉ። ከእርሳቸው ሕይወት እንደሚታየው መሣሪያውን መተው የሚችል ሰው ሙዚቃውን ላያጣ ይችላል። እንዲያውም መተው የቻለ ሰው ሲመለስበት በነፃነት ይይዘዋል።

እነዚህ ሁሉ ምሳሌዎች ለሞያሌ ሰው ከመጽሐፍ ገጽ በላይ ናቸው። በ2012 በከተማዋና በአካባቢዋ ግጭት ሲነሣ ብዙ ሕዝብ ወደ ኬንያ ሸሽቷል። በማርች 2018 ደግሞ በኢትዮጵያዋ ሞያሌ ዘጠኝ ሰላማዊ ሰዎች በወታደሮች ተገድለው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ድንበሩን ተሻግረዋል። በእንዲህ ያለ ቀን የሚሸሽ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ በደቂቃ ውስጥ ይመልሳል፦ ምን ልያዝ? ሕፃኑ ይቀድማል፤ አቅመ ደካማዋ እናት ትከተላለች፤ ውኃ፣ ፍራሽ፣ የልደት ወረቀት፣ ፍየል። ከዚህ ሁሉ መካከል አንድ ሰው ክራር ወይም አሮጌ ጊታር በትከሻው አንግቶ ቢታይ፣ ሊያስቅ ይችላል። «ሰው ሲያልቅ ይህ ዘፈን አማረው» የሚል አይጠፋም።

ፍርዱ ግን በሌላው ክንድ ላይ ባለው ነገር ይለያል። ያ ክንድ ልጅ አቅፎ ከሆነ፣ ወይም የሚታቀፍ ልጅ ከሌለ፣ መሣሪያውን የያዘው ሰው ምንም አላጠፋም። በማያውቀው አገር በድንኳን ሥር ሲያመሽ፣ የሸሸው ሕዝብ ከስደተኛ ቁጥርነት ወጥቶ ለአንድ ሰዓት ያህል ባለ አገርና ባለ ታሪክ የሚሆነው በዚያ ክራር ሊሆን ይችላል። ለልጁ ቦታ ጠፍቶ ለጊታሩ ቦታ ከተገኘ ግን፣ በዚያች ቅጽበት ጊታሩ ጣዖት ሆኗል። ቅዱስ አውግስጢኖስ በጎነትን የፍቅር ሥርዓት ሲል የገለጸው ለእንዲህ ያለው ነገር ይስማማል። ዕቃን መውደድ ኃጢአት አይደለም፤ በሰው ቦታ ማስቀመጡ እንጂ። ቢ. ቢ. ኪንግ ጊታሩን ሲጠራ በየቀኑ ለራሱ ያስታውስ የነበረው ይህንኑ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ፣ የተገባውን ፍቅር ካልተገባው የሚለይ አንድ ምልክት ማስቀመጥ ይቻላል። እርሱም ማለቅ ነው። በየሆቴሉ ግድግዳ ላይ ለጌጥ የተሰቀሉ ክራሮች አሉ፤ በጨሌ ያሸበረቁ፣ ቀለማቸው ያልለቀቀ፣ ክራቸው ግን ከላላ የቆየ። በየቤቱም ለክቡር እንግዳ ተብሎ በቡፌ ውስጥ የተቆለፈ፣ ባለቤቶቹ አርጅተው እስኪሞቱ አንድም ቀን ያልተጠጣበት የብርጭቆ ደርዘን ይገኛል። እነዚህ ዕቃዎች አላለቁም፤ የጠቀሙትም ሰው የለም። ባለቤቱ ሲወለውላቸውና ሲጠብቃቸው ይኖራል፤ ማን ማንን እንደሚያገለግል ለመናገር ያስቸግራል። የትሪገር ገጽ ግን የተቀደደው ሰዎች ፊት፣ ለሰዎች ሲመታ ነው። ያ ቀዳዳ የጉዳት ምልክት ብቻ አይደለም፤ የስንት ሺህ ምሽት ደረሰኝ ነው። ጠጋኙም ይህን ስለተረዳ እንዳይፈርስ ደገፈው፣ እንዲያገለግል አደሰው፣ እንደ አዲስ ሊያስመስለው ግን አልሞከረም። በላዩ የፈረሙት ሰዎች ስም ደግሞ ዕቃው የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ እንዳልቀረ ይናገራል።

በአማርኛ «ንብረት» የሚለው ቃል የመጣው ነበረ፣ ተቀመጠ፣ ኖረ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ንብረት ማለት እንግዲህ በመሠረቱ የሚኖሩበት ነገር ማለት ነው። የሚኖሩለት ነገር ማለት አይደለም። በዚህች በአንዲት ፊደል ልዩነት ውስጥ የጥያቄው መልስ ይገኛል። ሙዚቀኛ በጊታሩ ይኖራል፤ እንጀራውን፣ ጓደኞቹን፣ ማንነቱን ያገኝበታል። ለጊታሩ መኖር ሲጀምር ግን ሰው ለሠራው ነገር ሰው ራሱ ዕቃ ይሆንለታል።

በሞያሌ ሁለቱን አገሮች በአንድ ስፍራ የሚያስተናግደው የጋራ የድንበር ኬላ በዲሴምበር 2020 ተመርቆ ተከፍቷል። በዚያ በኩል የሚያልፍ ዕቃ ሁሉ ስሙና ዋጋው ይጠየቃል፤ ደንቡ ነውና መጠየቁም ተገቢ ነው። አሮጌ ጊታር ይዞ የሚሻገር ሙዚቀኛም አንድ ቁጥር መናገሩ አይቀርም፤ ዕቃው ያረጀ ነውና ጥቂት ገንዘብ ቢናገር አልዋሸም። ከዚያ በላይ ያለውን ዋጋ ሊነግር የሚችለው እርሱ አይደለም፤ ትናንት ማታ የሰሙት ናቸው።